የተቀደደ ምስልና የተቆራረጠ ድምፅ በአርኬድ ኢሙሌተሮች ታሪክ

የስክሪን መቀደድ የሚባለው እንከን በአርኬድ ጌም ኢሙሌተር ላይ፣ ማለትም የድሮውን ማሽን በኮምፒውተር በሚያስመስል ፕሮግራም ላይ፣ ሲከሰት ምስሉ መሐሉ ላይ አግድም ይቆረጥና የላዩ ከታቹ ጋር ሳይገጥም ይቀራል፤ የሚሮጠው ተዋጊ እግሩ ቀድሞ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይጎተታል። የድምፅ አለመግጠም ደግሞ ሁለት መልክ አለው። አንዳንዴ ጥይቱ ከወጣ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዳንዴ ሙዚቃው በየጥቂት ሰከንዱ ጠቅ ጠቅ እያለ ይቆራረጣል። ለተጫዋቹ እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸውም ለረጅም ጊዜ ለየብቻ ሲፈለግ ቆይቷል። ምንጫቸው ግን አንድ ነው። በጥንቱ የጌም ማሽን ውስጥ በአንድ ሰዓት ይመራ የነበረው ሥራ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ እርስ በርስ ለማይተዋወቁ ሦስት ሰዓቶች ተከፋፈለ።

አርኬድ በሳንቲም የሚሠራ የመጫወቻ ማሽን የተደረደረበት ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጆተኒ ወይም ፕሌይስቴሽን የተጫወተ ሰው ልማዱን ያውቀዋል፤ ሒሳቡ በየጨዋታው ነው። የአታሪው ፖንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ንግዱን ከፈተው፣ የጃፓኑ ታይቶ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን፣ ናምኮ ደግሞ በ1980 ፓክማንን ይዘው መጥተው አስፋፉት። እያንዳንዱ ማሽን ለአንድ ጌም ብቻ የተሠራ ኮምፒውተር ነበረው፤ በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ስክሪንም ከኋላው ሆዱ የወጣው፣ በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራው የድሮ ቴሌቪዥን ዓይነት ነበር።

የዚህ ስክሪን አሠራር ሳይታወቅ የቀረው ነገር አይገባም። ሸማኔ ማጉን ከዳር ዳር እየወረወረ ጋቢውን ክር በክር እንደሚያቆም፣ ጨረሩም ምስሉን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ይሠራዋል። ልዩነቱ ጨረሩ የሚሠራው ሲሄድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ሲመለስ ጠፍቶ ይመለሳል። ታች ሲደርስም እንደገና ወደ ላይ ለመውጣት አጭር እረፍት ያገኛል። ይህ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ትልቁ ቁም ነገር የሣጥኑ ስክሪን የራሱ ሰዓት ያልነበረው መሆኑ ነው። መስመር የሚጀመርበትንም ሆነ ወደ ላይ የሚመለስበትን ቅጽበት የሚነግረው የጌሙ ሰሌዳ፣ ማለትም የማሽኑ ኮምፒውተር፣ ነበር፤ ስክሪኑ የታዘዘውን ይከተላል።

የፓክማን ሰሌዳ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በላዩ 18.432 ሜጋኸርዝ የሚመታ፣ ለማሽኑ ሰዓት የሆነ አንድ ክሪስታል አለ። ምቱ ለ3 ሲካፈል 6.144 ሜጋኸርዝ ይሆንና የምስሉን ነጠብጣቦች ያወጣል፤ ለ6 ሲካፈል 3.072 ሜጋኸርዝ ይሆንና ዜድ80 የተባለውን ፕሮሰሰር ይነዳል፤ ይኸው በ32 ሲከፈል ደግሞ ለድምፁ በሰከንድ 96,000 ናሙና ያወጣል። አንድ ሙሉ ምስል፣ የማይታየው ጠርዝና እረፍቱ ተቆጥሮ፣ 384 በ264 ነጠብጣብ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ በሰከንድ 60.606 ምስል ያሳያል። ምስልና ድምፅ ከአንድ ምት ስለሚቀዱ ሊለያዩ አይችሉም። ክሪስታሉ በሙቀት ትንሽ ቢፈጥን እንኳ ሁሉም አብረው ይፈጥናሉ። ድምፁም በመሐል ማጠራቀሚያ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ማጉያው ይሄዳል።

መቀደድም በዚያ ዘመን የሚታሰብ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የስፔስ ኢንቬደርስ ፈጣሪ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ከጉዳዩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል። የዚያ ጌም ሰሌዳ ምስሉን በሙሉ በ7 ኪሎባይት ሜሞሪ ውስጥ ይይዛል፤ 2 ሜጋኸርዝ የሚሮጠው ኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር እየደመሰሰና እየሳለ ያድሰዋል። ፕሮሰሰሩ የሚስለውን ቦታ ጨረሩ በዚያው ቅጽበት ቢያልፍበት ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ሰሌዳው በእያንዳንዱ ምስል ፕሮሰሰሩን ሁለት ጊዜ እንዲቀሰቅሰው ማድረግ ሆነ፤ አንዴ ጨረሩ ስክሪኑ መሐል ሲደርስ፣ አንዴ ደግሞ ሲጨርስ። ጨረሩ በአንዱ ግማሽ ላይ ሳለ ፕሮሰሰሩ በሌላው ግማሽ ያሉትን ነገሮች ያንቀሳቅሳል። ሞኒተሩ በጎኑ የቆመ ስለነበር ግማሾቹ ለተጫዋቹ ግራና ቀኝ ነበሩ። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ግን ሙሉ ምስል አያጠራቅሙም ነበር፤ ከትናንሽ ሥዕሎች እየለቀሙ እያንዳንዱን መስመር ጨረሩ ሊደርስበት ሲል ያሰናዳሉ።

ስክሪኑ ታዛዥ በመሆኑ የሰሌዳ ሠሪዎች የምስሉን ፍጥነት በ60 ላይ የሚወስኑበት ምክንያት አልነበራቸውም። የቴሌቪዥን ጣቢያ በአሜሪካና በጃፓን በ59.94 መታሰር ነበረበት፤ የአርኬድ ማሽን ግን ስርጭት አይቀበልም። ስለዚህ በእጃቸው ያለው ክሪስታል የሰጣቸውን ቁጥር ተቀበሉ። የካፕኮም ስትሪት ፋይተር 2 በ59.64 ኸርዝ ይሠራል፣ የኤስኤንኬ ኒዮ ጂኦ በ59.19። የአይረም አር ታይፕ 55.02 ላይ ነው፤ ሞርታል ኮምባት ደግሞ እስከ 54.71 ይወርዳል። በሣጥኑ ውስጥ ይህ ማንንም አላስቸገረም፤ ተጫዋቹም አላወቀውም።

ችግሩ የተፈጠረው ጌሞቹ ከሣጥናቸው ወጥተው ኮምፒውተር ላይ ሲገቡ ነው። አይቢኤም በ1987 ያመጣው የቪጂኤ ሥርዓት እንደ ምስሉ ዓይነት በሰከንድ ወይ 60 ወይ 70 ጊዜ ያህል ያድሳል፤ መስመሮቹንም በ31.5 ኪሎኸርዝ ይስላል። የአርኬድ ስክሪን ግን በግማሹ፣ በ15.7 ኪሎኸርዝ ገደማ፣ ነበር የሚስለው። የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ የራሱ ክሪስታል አለው። ሳውንድ ካርዱም የራሱ አለው፤ በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ናሙና ይበላል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ጊዜውን በሌላ ቆጣሪ ይለካል። ሦስቱም ትክክለኛ ነን ይላሉ፤ ሦስቱም ግን በጥቂቱ ይለያያሉ።

ጥቂት የሚባለው ልዩነት ሲጠራቀም ምን ያህል እንደሚጎዳ በሒሳብ ይታያል። በሰከንድ 60.606 ምስል የሚያወጣው ፓክማን 60 ብቻ በሚያሳይ ሞኒተር ላይ በትክክለኛ ፍጥነቱ ቢሮጥ በየ1.65 ሰከንዱ አንድ ምስል ትርፍ ይሆናል፤ መጣል አለበት ወይም መሐል ላይ ተቀዶ ይታያል። ኒዮ ጂኦ በተቃራኒው በየ1.23 ሰከንዱ አንድ ምስል ይጎድለዋል፤ አንዱ ሁለት ጊዜ ይታያል። የእኛ የዘመን አቆጣጠር ከፀሐይ ጋር ላለመራራቅ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 እንደሚያደርጋት ነው፤ ግን ጳጉሜ በየሰከንዱ ብትመጣ ማን ይታገሣት ነበር? ዓይንም ይህን የተደጋገመ ምስል እንደ መንገጫገጭ ያነበዋል፣ በተለይ ጀርባው በዝግታ በሚንሸራተትባቸው ጌሞች ላይ።

ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ ማሜ የተባለውን ኢሙሌተር የመጀመሪያ ቅጂ የካቲት 1997 ላይ ሲያወጣ በዝርዝሩ ያሉት ጌሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ፕሮግራሙ የአርኬድ ዓለም ሁሉ መዝገብ ወደ መሆን ሄደ። በዚያን ጊዜ የብዙ ሰው ጭንቀት መቀደድ አልነበረም፤ ኮምፒውተሩ በቂ ፍጥነት የሌለው መሆኑ ነበር። መፍትሔውም ከየ12 ምስሎች የተወሰኑትን ሳይስሉ መዝለል ሆነ። ሒሳቡ ይሠራል፣ ድምፁ ይቀጥላል፣ ዓይን ብቻ ይጎድልበታል። ይህ ምርጫ ለታሪኩ ቁልፍ ነው፤ ምስል ሲጎድል ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ሲቆረጥ ግን ወዲያው ይሰማዋል። የድምፁ ጉዳይ ሌላም እክል ነበረው። እንደ ስፔስ ኢንቬደርስ ያሉ ማሽኖች ድምፃቸውን የሚያወጡት በፕሮግራም ሳይሆን በኤሌክትሪክ ዑደት ስለነበር ኢሙሌተሩ ከእውነተኛ ማሽን የተቀዱ ድምፆችን እያመጣ ማጫወት ነበረበት።

ዘመኑ ዶስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዘመን ነበርና ፕሮግራም ከግራፊክስ ካርዱ ጋር ያለ አማላጅ ይነጋገር ነበር። ኢሙሌተሩ ካርዱን እየጠየቀ ጨረሩ ወደ ላይ የሚመለስበትን አጭር እረፍት ይጠብቃል፤ በእረፍቷ ላይ ምስሉን ይቀይራል፤ መቀደድ ይጠፋል። የቪጂኤን ቁጥሮች ነካክቶ የፓክማንን 224 በ288 መጠን በቀጥታ ማውጣትም ይቻል ነበር። እረፍቷን መጠበቅ ቪሲንክ ይባላል፤ ዋጋውም ወዲያው ይመጣል። ሞኒተሩን የጠበቀ ጌም በሞኒተሩ ፍጥነት ይሮጣል። አር ታይፕ በ60 ኸርዝ ሲሮጥ ከተሠራበት 9 በመቶ ይፈጥናል፤ ጠላት ቶሎ ይደርሳል፤ ሙዚቃውም አብሮ ከፈጠነ ቅኝቱ አንድ ተኩል ሴሚቶን ከፍ ይላል። ፍጥነቱን በፕሮሰሰሩ ቆጣሪ መግራት ደግሞ ጌሙን ትክክል አድርጎ ምስሉን ይቀድደዋል። ማሜ ሁለቱንም ምርጫ አቅርቦ ውሳኔውን ለተጠቃሚው ተወው። አቋሙ ሐቀኛ ነበር፤ ግን ተጠቃሚውን ያልጠየቀውን ትምህርት የሚያስተምር ነው።

በመሐል የቀረበው ሦስት የምስል ማስቀመጫ መጠቀም ነው፤ አንዱ ይታያል፣ አንዱ ተራውን ይጠብቃል፣ አንዱ ይሳላል። መቀደዱ ይቀራል፣ ፍጥነቱም አይዛባም። መንገጫገጩ ግን እዚያው ነው፤ ተጫዋቹ አዝራር ከተጫነበት እስኪያይ ያለው ጊዜም ይረዝማል።

የድምፁን በኩል ለመረዳት በየግቢው የቆመውን ሮቶ ማሰብ ይበቃል። ኢሙሌተሩ ውኃ የሚሞላ ቧንቧ ነው፤ ሳውንድ ካርዱ ያለማቋረጥ የሚቀዳ፤ ሮቶው ደግሞ ባፈር የሚባለው የድምፅ ማጠራቀሚያ ነው። የሚሞላው ከሚቀዳው በጥቂት ካነሰ ሮቶው አንድ ቀን ይደርቃል፤ ከበለጠ ይፈስሳል። ፓክማን በቪሲንክ 60 ላይ ታስሮ ሲሮጥ 48,000 ናሙና ለሚፈልገው ካርድ የሚያቀርበው 47,520 ብቻ ነው። በሰከንድ የ480 ጉድለት ማለት የአንድ አሥረኛ ሰከንድ ድምፅ የሚይዝ ባፈር በ10 ሰከንድ ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጠቅታው ይሰማል። ባፈሩን ማስፋት መድረቁን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ በዚያ ላይ ድምፁ ከምስሉ ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙ ሰዎች ለዓመታት ሲያስተካክሉ የኖሩት ይህንኑ የባፈር መጠን ነው፤ ያልተፈታውም ችግሩ መጠኑ ስላልነበር ነው።

ሌላው ጎራ ሳውንድ ካርዱን አለቃ አደረገ። ኢሙሌተሩ ቦታ ሲለቀቅለት ብቻ አዲስ ድምፅ ያዘጋጃል፤ ጌሙም በዚያ ልክ ይራመዳል። ድምፁ ንጹሕ ይሆናል፣ ምስሉ ግን ከሞኒተሩ ጋር ይጣላል። እንግዲህ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነበር፤ ከሦስቱ ሰዓቶች ማን ይምራ?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአንድሪያ ማዞሌኒ አድቫንስማሜ ለየት ያለ መልስ ሰጠ። ጌሙን ለሞኒተሩ ከማስገደድ ይልቅ ግራፊክስ ካርዱን እንደ አርኬድ ሰሌዳ እንዲመታ ማዘዝ። አር ታይፕ ሲከፈት ካርዱ 55 ኸርዝ ያወጣል፤ ሌላ ጌም ሲከፈት ሌላ። የድሮው ሞኒተር የሚታዘዝ ስለሆነ፣ ከአቅሙ እስካልወጣ ድረስ፣ ይከተላል። ከአቅሙ ካወጡት ግን አንዳንዱ አሮጌ ሞኒተር ይቃጠል ስለነበር ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። እውነተኛ የአርኬድ ሣጥን ውስጥ ኮምፒውተር ለሚያስገቡ ሰዎች አልቲማርክ የተባለ ድርጅት 15 ኪሎኸርዝ የሚያወጣ አርኬድቪጂኤ የተሰኘ ካርድ ሸጠ። ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ግሩቪማሜ የተባለው የማሜ ቅርንጫፍ ለየጌሙ የሚስማማውን የስክሪን ቁጥር ራሱ እያሰላ ማውጣት ጀመረ። በዚህ መንገድ የሚጫወቱት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያዩት ምስል ግን ከሣጥኑ ጋር ለመለየት ያስቸግራል።

ብዙሃኑ በዚያው ጊዜ ወደ ጠፍጣፋ ስክሪን እየሄደ ነበር። ጠፍጣፋው ስክሪን ጨረር የለውም፤ አብዛኛው በ60 ኸርዝ ብቻ ይሠራ ነበር፤ ሌላ ፍጥነት ሲሰጡት ወይ አይቀበልም ወይ በራሱ ምስል ይጥል ነበር። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ሁሉንም መስኮት አንድ ላይ ሰፍቶ የሚያሳይ አሠራር አመጣ። በመስኮት ውስጥ የሚሮጥ ኢሙሌተር ከዚያ ወዲህ መቀደዱን ተወ፤ በምትኩ ምስሉ ዘገየ። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ተጠቃሚው ይህን አሠራር ማጥፋት እንኳ አልቻለም።

የድምፁ እንቆቅልሽ የተፈታውም በ2012 ነው። ሬትሮአርች የተባለው የኢሙሌተር ፕሮግራም መሥራች ሃንስ ክሪስቲያን አርንትዘን የጻፈው ዘዴ ምስሉን ሙሉ በሙሉ ለሞኒተሩ ይተወዋል፤ ቪሲንክ ይመራል። ድምፁ ግን በጥብቅ አይታሰርም። ፕሮግራሙ ሮቶው ምን ያህል እንደሞላ ሳያቋርጥ ያያል፤ ከግማሽ በታች ሲወርድ ድምፁን በጥቂቱ አስረዝሞ ናሙና ያበዛል፣ ከግማሽ በላይ ሲወጣ ያሳጥራል። የተለመደው ወሰን 0.5 በመቶ ነው። በቅኝት ሲለካ የአንድ ሴሚቶን አሥረኛ አይሞላም፤ በጌም ሙዚቃ ላይ ይህን የሚለይ ጆሮ ብርቅ ነው። ባፈሩ ግማሽ ላይ ስለሚረጋ ማሳነስም ተቻለ፤ መቆራረጡና መዘግየቱ አብረው ቀነሱ።

ዘዴው ወሰን አለው። ጌሙና ሞኒተሩ በጥቂት በመቶ ብቻ ሲለያዩ ሬትሮአርች የጌሙን ፍጥነት መጀመሪያውኑ ከሞኒተሩ ጋር ያስተካክላል፤ ለዚህ የተቀመጠው ልክ 5 በመቶ ነው። ፓክማንም ስትሪት ፋይተርም በዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ ፓክማን 1 በመቶ ይዘገያል፣ የሚያውቅበትም የለም። አር ታይፕና ሞርታል ኮምባት ግን ከልኩ ውጪ ናቸው። እነርሱ ላይ ምስል መደጋገሙ ቀረ የሚያሰኝ ስሌት የለም፤ መለወጥ የነበረበት ስክሪኑ ነው።

ስክሪኑም ተለወጠ። የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ጂሲንክ የተባለውን አሠራር በጥቅምት 2013 አስተዋወቀ፤ ተፎካካሪው ኤኤምዲ ፍሪሲንክን በጥር 2014 አሳየ፤ በዚያው ዓመት ቬሳ የተባለው የስክሪን ደረጃ አውጪ ማኅበር ተመሳሳዩን አሠራር ዲስፕሌይፖርት ወደተባለው የስክሪን ማገናኛ ደረጃ አስገባው። ሞኒተሩ በራሱ ምት ከመሮጥ ይልቅ አዲስ ምስል እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ 54.71 ሲላክለት 54.71 ያሳያል። የታሰበው ለአዳዲስና ከባድ ጌሞች ነበር፤ ትልቁን በረከት ያገኙት ግን የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ጣሪያው 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር ፓክማንን 60.606 ላይ መከተል አይችልም፤ ከጣሪያው ያለፈው ምስል እንደ ድሮው ወይ ይቀደዳል ወይ ይጠብቃል። ስለዚህ ከ60 ከፍ ያለ ሞኒተር ያስፈልጋል። ሳውንድ ካርዱም ክሪስታሉን ስለማይተው የአርንትዘን ዓይነቱ ትንሽ ማስተካከያ ከስክሪኑ ጋር አብሮ መሥራቱን ቀጥሏል።

ከዚህ በኋላ ትኩረቱ ወደ መዘግየት ዞረ። ሬትሮአርች በ2018 ያስገባው ወደፊት የመሮጥ ዘዴ ጌሙን በስውር አንድ ወይም ሁለት ምስል አስቀድሞ ያስኬደዋል፤ ውጤቱን አሳይቶ ወደነበረበት ይመልሰዋል። በየምስሉ ወደ ኋላ መመለስ ግን ድምፁን ያናጋዋል፤ በአንዳንድ ጌሞች ላይ ያ የጥንት ጠቅታ ተመልሶ መጣ። ለዚህም የጌሙን ሁለተኛ ቅጂ ጎን ለጎን ማስኬድ አስፈለገ፤ አንዱ ድምፁን ሳይቋረጥ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው ምስሉን ይቀድማል።

በዚያው ዓመት የአሚጋ ኮምፒውተር ኢሙሌተር የሆነው ዊንዩኤኢ መቀደድን ራሱን መሣሪያ አደረገው። ቪሲንክን ያጠፋል፤ ምስሉን በአግድም ይቆራርጥና እያንዳንዱን ቁራጭ ሞኒተሩ ሊደርስበት ሲል ይልካል። መቀደዱ አለ፤ የሚያርፈው ግን የላዩና የታቹ አንድ ዓይነት በሆኑበት ቦታ ላይ ስለሆነ ዓይን አያገኘውም። ስክሪኑ በአንዱ ክፍል ሲጠመድ ሌላውን ማሰናዳት፣ ኒሺካዶ በ1978 በሁለት ግማሽ የሠራውን በብዙ ቁራጭ መድገም ማለት ነው።